ባዶው ዓምድ

«ይሄ አባታችሁ አይደለም» አለች እናትየው፣ ሻይ ሳይቀርብ፣ ልጆቿ ገና ፊታቸውን ታጥበው ሳይጨርሱ።

ሣጥኑ ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጧል። ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው። ከሁለቱ ክፍሎች አንደኛውን አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ከተበላሸ ዓመታት ያለፉት ማቀዝቀዣ ሞልተውታል፤ በሌላኛው ጠረጴዛ አለ፣ ግን የሚበላበት ነው፤ መሬት ላይ ማስቀመጡ ደግሞ ነውር ሆነባቸው። ስለዚህ ታላቅ ወንድምየው የስፌት መኪናዋን ክዳን ዘግቶ፣ አንሶላ አንጥፎ፣ አባቱን እዚያ ላይ አሳረፈ። ከኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ ከአንድ ክንድ ትንሽ የሚረዝም፣ በጎኑ በሰማያዊ ቀለም 330 ተብሎ የተጻፈበት ሣጥን ነው። አሮጌው መቃብር ይነሣል፣ መንገድ ያልፍበታል ከተባለ ሦስት ወር ሆኖታል። ሐውልት ማቆም የቻሉ ሰዎች የራሳቸውን ራሳቸው አነሡ። በስተጀርባ ያለው የድሆቹ ክፍል ግን፣ ከላዩ የቆርቆሮ ቁጥር ብቻ የተተከለበት አራት መቶ አሥራ ሁለት መቃብር፣ ዙሪያው ታጥሮ በቀን ሠራተኞች ተቆፈረ። ቤተሰብ እንዳይገባ ተከለከለ። ቁጥሩን ልብ ያለ ቤተሰብ አልነበረም፤ ሰው የሟቹን መቃብር የሚያውቀው በቦታው ነበር። አፅሙ እንደየቁጥሩ በየሣጥኑ ሆኖ መጋዘን ገባ። ቤተሰብ የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዝርዝር አለ፣ የሟችህን ስም ፈልግ፣ ከስሙ ፊት ያለውን ቁጥር አንብብ፣ ሣጥንህን ውሰድ ተባለ። የመጀመሪያዎቹና የሁለተኛዎቹ ተረኞች ቀብረው ጨርሰዋል። የሦስተኛዎቹ ቀብር ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

እናትየው ዐይኗን ሳታሻሽ ነው ያደረችው። ሣጥኑ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ ሊነጋጋ ሲል የልብስ መቀሷን በክዳኑ ስር አስገብታ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለቻቸው። ማንም አላያትም። አሁን ክዳኑ ተመልሶ ተገጥሟል፣ መቀሱ ግን እዚያው አንሶላው ላይ አለ።

«ብረቱ የለም» አለች።

ነገሩን ሦስቱም ያውቁታል። አባትየው ግንበኛ ነበር። ከመሞቱ ከአሥር ዓመት በፊት ከመወጣጫ ወድቆ የቀኝ ቅልጥሙ ሲሰበር፣ ሐኪሞች የመዳፍ ያህል ብረት አስገብተው በስድስት ብሎን አሰሩለት። ብርድ ሊመጣ ሲል ብረቱ ቀድሞ ይነግረዋል። «እኔ አፈር ስሆን እሱ ዘበኛ ሆኖ ይቀራል» እያለ ይቀልድበት ነበር፣ እናትየውም ሟርተኛ እያለች ትቆጣው ነበር።

«እማ፣ ብረት ይዝጋል እኮ። ስድስት ዓመት ሆነው» አለ ወንድምየው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ።

«ሐኪሙ ብረቱ ከሱም ከኔም ዕድሜ ይበልጣል ነው ያለኝ። ደግሞ ሁለቱንም ቅልጥሞች አየኋቸው። ስብራት የሚባል አያውቃቸውም። ትንንሽ ናቸው። አባታችሁ ቁመቱን ረሳችሁት?»

ወንድምየው ሲሸነፍ መቆጣት ልማዱ ነው። ሰው ሁሉ ወስዷል፣ ማንም አላማረረም፣ እኛ ብቻ ምን ሆነን ነው እያለ ጫማውን ማሰር ጀመረ። እናትየው ሴት ልጇን ነው የምታየው። ልጅቷ አርባ አራት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ የምትሠራው ደግሞ ሌላ ቦታ ሳይሆን ያንን መቃብር በሚያነሣው ጽሕፈት ቤት ነው። በሥራ ቦታዋ ማስመሪያ ይሏታል፣ እኛም እንደዚያው እንበላት። ዝርዝሩን የጻፈችው እሷ ናት። የእናቷን ዐይን ሸሽታ ዳቦ መቁረስ ጀመረች፣ ቆርሳም አልበላችው። «ግማሽ ቀን ሠርቼ በሰባት ሰዓት እመጣለሁ» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ማስመሪያ የተባለችው አለምክንያት አይደለም። ኅዳጉ በፀጉር ቅጥነት የተዛባ ደብዳቤ ከሷ ጠረጴዛ አይወጣም። ቁጥሮቹ ወደ ቀኝ፣ ስሞቹ ወደ ግራ፣ አርእስቱ መሐል፤ አንቀጹ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ተነሥቶ በአንድ መስመር ላይ ያርፋል። የሥራ ባልደረቦቿ ለቀልድ ማስመሪያ አምጥተው ወረቀቷን ለክተው ያውቃሉ፣ ሽንፈታቸውንም አምነዋል። ይህን ከማን እንደወረሰችው ለመናገር ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ልጅ ሆና አባቷ የሲባጎውን አንድ ጫፍ ያስይዛትና እሱ ሌላውን ጫፍ ይዞ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ይመለከት ነበር። «ያዥ፣ እንዳትነቃነቂ» ይላታል። አትነቃነቅም ነበር። አሁንም ቢሆን ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ የማትነቃነቀው እሷ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ወንበር ላይ።

ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ማተሚያ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያይ መስኮት። ቅዳሜ ስለሆነ ሁለቱ ጠረጴዛዎች ባዶ ናቸው። ከኃላፊው በር ፊት ባለው አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጭብጥ አድርጋ። ኃላፊው በሩን ከፍቶ ሲያያት ወደ ውስጥም አላስገባት፣ እዚያው ቆሞ አነጋገራት።

«የኔ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ጋሼ» አለች ሴትዮዋ። «ሣጥኑ ግን ከበደኝ። ደረጃውን ስወጣ ሁለት ጊዜ አረፍኩ።»

«አፈር ነው» አለ ኃላፊው በለሆሳስ። ሰውየው ክፉ ድምፅ የለውም፤ ድምፁ የተወለወለ ነው። «ሠራተኞቹ ጥንቃቄ አድርገው ከነአፈሩ ስላነሡት ነው። አፈር ይከብዳል።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። ከዚያ እግዜር ይስጥልኝ ብላ፣ አመስግናው ሄደች። ማስመሪያን ያንገበገባት ምስጋናው ነው። ደረጃውን ስትወርድ የሴትዮዋ ጫማ ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቀችና ኮምፒውተሯን ከፈተች።

ዝርዝሩ እዚያ አለ፣ አምሮ። ከሦስት ሳምንት በፊት የመቃብሩ ዘበኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የድሮ መዝገባቸውን ይዘው መጡ፤ ለሠላሳ ዓመት በእጃቸው የጻፉት ነው፣ የመቃብር ቁጥር ከዚያ የሟች ስም፣ ገሚሱ በእርሳስ። ከጎኗ ተቀምጠው እያነበቡላት በሁለት ቀን ጻፈችው። ልክ ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ከአንድ እስከ አራት መቶ አሥራ ሁለት በጣታቸው እየተከተሉ አረጋግጠውታል። ከዚያ ኃላፊው መጣና በትከሻዋ በኩል ተመለከተ። ቁጥሩና ስሙ ተጣብቋል፣ ታፍኗል አለ፣ አየር ይግባበት። እሷም በቁጥሩና በስሙ መካከል አንድ ቀጭን ባዶ ዓምድ አስገባችበት፤ እውነትም አማረ፣ ገጹ ተነፈሰ። ኃላፊው ሻዩን ጠጥቶ ተመልሶ መጣና ደግሞ ሰው ስሙን እንዴት ያገኛል፣ በፊደል ተራ አድርጊው አለ። አደረገችው። አንድ ጊዜ ጠቅ ማድረግ ነው፣ የዐይን ጥቅሻ አይፈጅም።

ኮምፒውተሩ ባዶ ዓምድ ሲያገኝ ሠንጠረዡ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። ይህን የማታውቅ ሆና አይደለም፤ አዲስ ተቀጣሪ በመጣ ቁጥር ጣቷን ቀስራ የምታስጠነቅቀው እሷው ናት። ስሞቹ በፊደል ተራ ሲደረደሩ ቁጥሮቹ ከባዶው ዓምድ ወዲያ ማዶ ሆነው ንቅንቅ አላሉም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እስከ አራት መቶ አሥራ ሁለት እንደተሰለፉ ቀሩ፣ ከፊታቸው ግን ሌላ ሰው ቆመ። ቁጥሩ በተራ፣ ስሙ በተራ፣ ሁሉም ቀጥ ያለ። ማን ይጠርጥር? የተዛባ ነገር ቢኖር ኖሮ ዐይኗ ይይዘው ነበር። ያልተዛባ ስለመሰለ አለፋት። ኃላፊው በመስታወት አስገብቶ ነው ግድግዳው ላይ የሰቀለው፣ ሌላ ክፍል ያሉ ጸሐፊዎች መጥተው እንዲያዩም አድርጓል።

ለዘበኛው ማረጋገጫ ብላ መጀመሪያ ያስቀመጠችው ፋይል አልጠፋም ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፈተች። የአባቷ እውነተኛ ቁጥር አራት መቶ አንድ ነው። የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች አዲሶቹ ሟቾች ናቸው፣ ሐዘናቸው ገና ያልደረቀላቸው። ግድግዳው ላይ ባለው ዝርዝር ግን ከአራት መቶ አንድ ፊት ለፊት ስም የለም። ስማቸው ያልታወቀ፣ ከየመንገዱ ተነሥተው የተቀበሩ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ በመዝገቡ፤ ስም ስላልነበራቸው ቦታቸው ባዶ ነበር፣ ባዶ የሆነው ሁሉ ደግሞ ሲደረደር ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ አሥራ ዘጠኝ ሣጥኖች ባለቤት የሌላቸው ተባሉ። ሐሙስ ዕለት በአንድ ጉድጓድ ተገልብጠው ኮንክሪት ተሞላባቸው። የክፍያ ማዘዣውን ያዘጋጀችው ራሷ ነበረች፣ የሁለቱን ወገን ኅዳግ እኩል አድርጋ። አባቷ እዚያ ውስጥ ነው፣ ከነብረቱ።

ማልቀስ አልመጣላትም። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ የሴትዮዋን ልጅ መፈለግ ጀመረች። በርክክብ ቅጹ ላይ ሴትዮዋ ትናንት የወሰደችው ሣጥን ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት ነው፤ በዘበኛው መዝገብ ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት አንድ ጎልማሳ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ልጅቷ ሦስት መቶ ዘጠኝ ናት። ሦስት መቶ ዘጠኝን የወሰደ ቤተሰብ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይቀብራታል፣ አያታችን ናቸው ብሎ።

ወደ ኃላፊው ክፍል ገብታ ሁሉንም ነገረችው። ነገሩ ከአፏ ሲወጣ አጭር መሆኑ ገረማት፤ አምስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ኃላፊው አልተቆጣም። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋው።

«ስንት ቀብረዋል እስካሁን?»

«ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ጋሼ። ዛሬ መቶ አሥራ ሦስት ይቀራሉ። እነሱን ብናቆማቸው . . .»

«ሁለት መቶ ሰማንያ ቤተሰብ አልቅሶ ጨርሷል። እንደገና ቆፍሪ፣ እንደገና አልቅሺ ልትያቸው ነው? ማን ይጠቀማል?» ድምፁ እንደተወለወለ ነው። «የሞተ ሰው እኮ አድራሻ አይጠይቅም። ሰው የሚፈልገው የሚያለቅስበት ቦታ ነው፣ ሰጥተነዋል።»

ክፋቱ፣ ያለው ነገር ማስመሪያን ትንሽ ልክ መስሎ ተሰማት።

ኃላፊው ከመደርደሪያው ላይ የዘበኛውን መዝገብ አወረደ። ከጎኑ አዲስ፣ ጥቁር ሽፋን ያለው መዝገብ አስቀመጠ። አሮጌው አይጥ በልቶታል፣ በዚህ መልክ ወደ ቤተ መዛግብት አይሄድም፣ አለ፤ በሚያምረው እጅሽ ገልብጪልኝ። ዝርዝሩን ተከትለሽ። መዝገቡ ከዝርዝሩ ጋር ይስተካከል። በመጨረሻም እንደ ዋዛ፣ ፊርማው የኔ ቢሆንም ጠቅ ያደረገችው ጣት የማን እንደሆነች ሁለታችንም እናውቃለን፣ ጡረታሽንም አስቢ፣ ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

እንቢ አላለችም። ይህ ሊደበቅ አይገባም፤ ማስመሪያ ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና አዲሱን መዝገብ ከፈተች፣ በእርሳስ መስመር አሰመረች፣ ጻፈች። ቁጥር አንድ ላይ የማይገባውን ሰው አስቀመጠች፣ ቁጥር ሁለት ላይም እንዲሁ። ፊደሎቿ እንደወትሮው እኩል ናቸው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዘጠና አንድ ላይ ደርሳ ነበር፣ ቀሪውን ሰኞ እጨርሰዋለሁ ብላ ብዕሯን ከደነች። ከመነሣቷ በፊት ግን የመጀመሪያውን ፋይል፣ እውነተኛውን፣ አተመችው። ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ምን እንደምታደርግበት አታውቅም ነበር። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ማተሚያው ላይ እንዳይገኝ ይሆናል።

ቤት ስትደርስ ወንድምየው ጥቁር ኮቱን ለብሶ ሣጥኑን በገመድ አስሮ ጨርሷል። እናትየው ተዘጋጅታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በታክሲው ውስጥ ሣጥኑ ወንድምየው ጭን ላይ ነበር፣ እናትየው በመስኮት ስታይ፣ ማስመሪያ ቦርሳዋን ታቅፋ። ሹፌሩ ስለ ነዳጅ ወረፋ ብቻውን ያወራል። እናትየው አንዴ ብቻ፣ አደባባዩን ሲያልፉ፣ እጇን ዘርግታ የሣጥኑን ክዳን መታ መታ አደረገችው፣ እንግዳ እንደሚያጽናኑት።

አዲሱ መቃብር ከከተማው ጫፍ፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነው። ጉድጓዶቹ በሲባጎ ተለክተው ተቆፍረዋል፣ ረድፉ ቀጥ ብሎ እስከ አጥሩ ድረስ ይሄዳል፤ አባቷ ቢያየው ደስ ይለው ነበር። ጥግ ላይ፣ ከረድፉ ውጭ፣ ሰፊ የኮንክሪት መደብ አለ፤ አንድ ግንበኛ ተንበርክኮ ጎኑን በሲሚንቶ ይለስናል። መቶ የሚሆኑ ቤተሰቦች በየጉድጓዳቸው ቆመዋል። ልቅሶው ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሣል። ኃላፊው ጥላ ያስያዘው ሰው አጠገብ ቆሞ አንገቱን ደፍቷል። ሽማግሌው ዘበኛ ብቻቸውን መግቢያው ላይ ነበሩ፤ ማስመሪያን ሲያዩ ቀረብ ብለው፣ ልጄ፣ መጋዘኑ ውስጥ ሳለን ቁጥሩ ልክ አልመሰለኝም ብያቸው ነበር፣ ወረቀቱ ላይ እንደዚህ ነው አሉኝ፣ አሏት። የአባቷ መቃብር አራት መቶ አንድ እንደነበር ያውቃሉ። ለስድስት ዓመት አረሙን የነቀሉት እሳቸው ናቸው።

ጠዋት ቢሮ የመጣችው ሴትዮ የማስመሪያን ትከሻ የነካችው ወንድምየው ሣጥኑን ወደ ጉድጓዱ ሊያወርድ ጎንበስ ሲል ነው። ባሏ ይሁን ወንድሟ አንድ ሰው ከኋላዋ ከባዱን ሣጥን ይዞ ቆሟል።

«እህቴ፣ አንቺ እዚያ ቢሮ አይደለሽ? ዝርዝሩን የጻፈችው እሷ ናት አሉኝ። ልጄ ናት አይደል? ንገሪኝና ልረፍ።»

የሴትዮዋ ፊት አንድ ቃል ብቻ ነው የሚለምነው፣ እና ያ ቃል ቀላል ነበር።

«አዎ» አለች። «እሷ ናት።»

ሴትዮዋ ሁለት እጇን ይዛ ሳመቻትና ወደ ጉድጓዷ ተመለሰች። ማስመሪያ ዞር ስትል እናቷ ከኋላዋ ቆማለች።

«ለሷ አዎ አልሻት» አለች እናትየው። «እኔስ ብጠይቅሽ?»

ማስመሪያ አንገቷን ደፋች።

«የት ነው ያለው?»

በእጇ ለመጠቆም ድፍረት አጣች፤ በዐይኗ ብቻ ወደ ኮንክሪቱ አመለከተች። እናትየው ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ግንበኛው የሲሚንቶ ማንኪያውን ባልዲ ውስጥ እያጠበ ነበር።

«ከነማን ጋር?»

«ስም ከሌላቸው ጋር ብለው ነው።»

«እሱ ስም ነበረው» አለች እናትየው። አልጮኸችም። መጮኹ በቀለለ፤ ማስመሪያ በዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ከዚያ እናትየው ወደ ሴትዮዋ ዞር ብላ አየች። ከባዱ ሣጥን በገመድ እየወረደ ነው። «የዚያችስ ልጅ የት ናት?»

«እዚሁ ናት። ሦስተኛው መስመር ላይ። እነዚያ ሰዎች አፈር ሊያለብሷት ነው።»

«ታዲያ ምን ቆመሻል?»

ወረቀቱን ስታወጣ ወንድምየው ክንዷን ያዛት። ምን እንደሆነ ሳይነገረው ገብቶታል። «ተይ፣ ሥራሽን ታጫለሽ፣ ልትታሰሪ ትችያለሽ» አለ ጥርሱን ነክሶ። እናትየው እጁን ከክንዷ ላይ አነሣችው፣ ጣት በጣት፣ ሕፃን ሆኖ የማይያዝ ነገር ሲይዝ ታደርገው እንደነበረው።

ማስመሪያ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። «ቁጥር ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ» ብላ አንድ ስም ከነአባቱ አነበበች፣ ማንም ቀና አላለም። ሁለተኛውን አነበበች። ሦስተኛውን ስታነብ ሽማግሌው ዘበኛ ከመግቢያው በኩል መጡና አጠገቧ ቆመው ያነበበችውን በትልቅ ድምፅ ደገሙት። አቤት የሚል ጠፋ፤ ግን ጥቂት ሰዎች ዞሩ። «ሣጥናችሁ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ» አሉ ሽማግሌው። «ስሙን ስሙ። የኔ ነው የሚል አቤት ይበል።» አካፋዎች አንድ በአንድ ቆሙ። ኃላፊው ከጥላው ስር ወጥቶ በፍጥነት መጣ። ፊቱ ቀልቷል፣ ድምፁ ግን አሁንም ሰው እንዳይሰማ ነው የሚጠነቀቀው። «ምን እያደረግሽ ነው? አምጪው» አላት። አልሰጠችውም፣ ማንበቧንም አላቆመችም። ሊነጥቃት እጁን ሲዘረጋ ወንድምየው መጥቶ በመካከላቸው ቆመ።

ሦስት መቶ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ የልጅቷን ስም ቀስ ብላ ነው ያነበበችው። «አቤት!» የሚል ድምፅ ሜዳውን ሰነጠቀው። ሴትዮዋ በሰው መካከል እየሮጠች፣ እየወደቀች፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ደረሰችና ግማሽ አፈር ከለበሰው ጉድጓድ ውስጥ በእጇ መዛቅ ጀመረች። አያታቸውን የሚቀብሩት ሰዎች መጀመሪያ ሊይዟት ነበር፣ ከዚያ ተዉአት፣ ከዚያ አንደኛው ጎንበስ ብሎ አገዛት። ሣጥኑ ሲወጣ ብቻዋን አነሣችው። አልከበዳትም። ሦስት መቶ ሠላሳ ላይ አንድ ሽበታም ሰው አቤት ብሎ ወደነሱ ጉድጓድ መጣ፣ እናቱ ናቸው፤ ወንድምየው ገመዱን ፈትቶ ሣጥኑን በሁለት እጁ አስረከበውና እናታችን ይዛቸው ነው ያደረችው አለው። ለብዙዎቹ ቁጥሮች ግን አቤት የሚል አልተገኘም። ቤተሰቦቻቸው ከትናንት ወዲያ የሌላ ሰው ቀብረው ቤታቸው ገብተዋል። ከያዙት ሣጥን ቁጥር ጋር የማያውቁት ስም ሲነበብ የሰሙት ደግሞ በየጉድጓዱ አፋፍ ቁጭ ብለው ቀሩ፣ ይቅበሩት ይተዉት ግራ ገብቷቸው። አንዲት አሮጊት፣ ታዲያ የኔ የት ሄደ፣ ታዲያ የኔ የት ሄደ እያለች ከሰው ሰው ትዞራለች። ስም የሌላቸው ሰዎች ሣጥንም በመካከላቸው ነበር፤ ለእነሱም ሳይታወቅ ተለቅሶላቸዋል።

ሦስት መቶ ዘጠና ሦስት ላይ ሜዳው ውስጥ ያለው ሣጥን አለቀ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ኃላፊው ለአንድ ሰው ስልክ እየደወለ ጀርባውን ሰጥቷል። ማስመሪያ ግን የመጨረሻውን ገጽ ገለበጠች። ወደ ጥጉ ሄደች፣ ኮንክሪቱ አጠገብ ቆመች፣ ከሦስት መቶ ዘጠና አራት ቀጠለች። ግንበኛው ነገሩ ባይገባውም ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። ስም ጠራች፣ ትንሽ ጠበቀች፣ ቀጣዩን ጠራች። መልስ የለም። ኮንክሪቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጎኑ ገና ርጥብ። አራት መቶን አንብባ ወረቀቱን ወደ ዐይኗ አስጠጋችው።

«ቁጥር አራት መቶ አንድ» አለች፣ የአባቷንም ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጠራች።

«አቤት» አለች እናትየው።